ያልተጠየቀው ምስክር

«ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ እናገር ነበር» አላት ታላቅ ወንድሟ፣ ከወገቡ በታች አንሶላ አገልድሞ፣ በካልሲ ቆሞ። ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ልብስ ሰፊዋ እህቱ ትተኩሰዋለች። «አልጠየቅሽኝም። ዳኛው ጠይቂ አሉሽ፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። አንቺ ዝም። ሰው ሳይጠየቅ ከየት አምጥቶ ይናገራል?» እሷ ካውያውን አነሳች፣ የሱሪውን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ዳበሰች፣ እንፋሎቱ ፊቷን መታት። «እውነትዎን ነው ጋሼ» አለችው። እውነት መስሏት አይደለም። ዛሬ የሚለውን ሁሉ አሜን ብላ ልትውል ስለቆረጠች ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሳስቷል። በውስጥ በኩል ጨርቅ ደርባ ልትሰፋለት ፈለገች፤ ጊዜ የለም። ችሎቱ የሚጀምረው በሦስት ሰዓት ነው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊቱ የስፌት ቤት ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ሦስት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ እጅጌ ያልገባላቸው ኮቶች። የኋላው አባቷ አስራ አንድ ዓመት የተኙበት ነው። አስራ አንድ ዓመት አገላብጣ፣ አጥባ፣ በማንኪያ መግባ ይዛቸዋለች። ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ሦስት ሰዎች ባሉበት፣ «ይህ ቤት የእሷ ነው፤ ማንም እንዳይነካባት» ብለው ተናዘዙ። ከሦስቱ አንዱ ጎረቤት ነበር፤ ሞቷል። አንዷ መርፌ የምትወጋቸው ነርስ ነበረች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ሦስተኛው ይኸው አንሶላ ያገለደመው ወንድሟ ነው። አባትየው ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰማ ብሎ ትራሱን ቀና አድርጎ የያዘው እሱ ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው፣ የሴራሚክ ነጋዴው፣ ቤቱ ተሽጦ ለሦስት እንካፈል ብሎ ከሰሳት። ምስክር አድርጎ የቆጠረው ታላቁን ነው። ታላቁ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ የሚኖረው በታናሹ ፎቅ ላይ፣ የሚበላው ከታናሹ ገበታ ነው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ የእሱ ተማሪ ስለሆነ ዛሬም «ዳይሬክተሩ» ይሉታል። እሱም በመጀመሪያው ፍርድ ቤት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ማለና፣ «አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር አልሰማሁም» አለ። ዳኛው ወደ እሷ ዞረው፣ «መስቀለኛ ጥያቄ አለሽ?» አሏት። የወንድሟን ጫማ አየች። እናታቸው ስትሞት እሷ አራት ዓመቷ ነበር። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ ጫማ የገዛላት እሱ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ እሱን «ለምን?» ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሰው በተሰበሰበበት እሱን መጠየቅ ማለት፣ ዋሽተዋል ማለት ነበር። ዳኛው ደገሙላት። «የለኝም» አለች። ቤቱ ይሸጥ ተባለ። በሲሶ ድርሻዋ እዚያ ሰፈር በር እንኳ አይገዛም፤ ደንበኞቿ ደግሞ ያሉት እዚያ ነው፤ ዕድሜዋም ሃምሳ ሰባት ነው።

ይግባኝ ካለች በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ወደ ፎቁ ወጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። «እስቲ ላስብበት» አላት። በማግስቱ ስልክ ደወለ። «እመጣለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ እናገራለሁ» አላት። ስልኩን ዘግታ መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ትተኛ ጀመር።

ሱሪውን ለበሰ። ቀበቶውን ሲያጠብቅ እንደ ልማዱ አቃሰተ። ጉልበቱ የታመመ ሰው ነው፤ ሲቀመጥም ሲነሳም ጊዜ ይፈጅበታል። ወጥተው ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቆመ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ መስኮቷ ላይ ክርኗን ተደግፋ መንገዱን ታያለች፤ በሰፈሩ የሚያልፍ ወሬ ሁሉ በእሷ መስኮት ነው የሚያልፈው።

«ጋሼ ዳይሬክተር! በጠዋት ከእህትዎ ጋር? ምን እግር ጣለዎት?»

«ፍርድ ቤት ነን ዛሬ። ልመሰክርላት ነው» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞር አሉ። «እህት እኮ ናት። ምን ይደረጋል?»

«እሰይ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለች ሴትየዋ፤ ለመንገዳቸው ሁለት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው፤ ዋጋ አልቀበልም አለች። ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ ራሰ። በዚህ ዓመት በዚያ መስኮት ፊት አንገቷን ሳትደፋ ያለፈችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አራት ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። በሩ ላይ፣ ከጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎች የጽሕፈት መኪናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የእሷን ይግባኝ የጻፈላት ባለ ወፍራም መነጽሩ ነው። ሲያያት ሳቅ አለ፣ ወንድሟን ሲያይ ግን ጣቱ ፊደሉ ላይ ቆመ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«ወንድሜ ናቸው። ምስክሬ። ዛሬ እውነቱን ሊናገሩ መጥተዋል።»

«ምስክር?» መነጽሩን አወለቀ። «ማን ነው ምስክር ይዘሽ ነይ ያለሽ? እዚህ እኮ ወረቀት ነው የሚናገረው እትዬ። ታች ፍርድ ቤት የተባለው ተጽፎ መጥቷል፤ እነሱ ያንን አንብበው፣ ዳኛው ሕጉን ስቷል ወይስ አልሳተም ይላሉ። ሰው አይሰሙም። እኔም የጻፍኩልሽ ‹ዳኛው ማስረጃውን በደንብ አልመዘኑም› ብዬ ነው። ያቺ ‹የለኝም› ያልሻት ቃል እንዳለች አስራ አራተኛው ገጽ ላይ ቁጭ ብላለች። ለእኔ አልነገርሽኝም፤ ግልባጩ ሲመጣ ነው ያየሁት።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ የፎቁን መስኮቶች ይቆጥር ይመስል ሽቅብ ያያል። «ተይው» አላት፤ «የበር ላይ ጸሐፊ ምን ያውቃል? ነይ እንውጣ።» እሷም ዳይሬክተሩን አመነች፣ ባለ መነጽሩን አላመነችም። ደረጃውን ክንዱን ይዛ አወጣችው፤ በየፎቁ ቆመው አረፉ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ «አባባ ያሉትን ቃል በቃል ያስታውሱታል አይደል?» አለችው። «እንዴት እረሳዋለሁ?» አላት። «‹ማንም እንዳይነካባት› ነው ያለው። ትራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ቀሪውን ደረጃ ድካም ሳይሰማት ወጣች።

ችሎቱ ጠባብ ነው። ሦስት ዳኞች ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ በስተግራ የታናሹ ጠበቃ። ታናሹ አልመጣም፤ ዕቃ ሊያራግፍ ሄዷል። መዝገቧ ሲጠራ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደፊት ሄደች፤ ወንድሟ ኋላ አግዳሚው ላይ ቀረ። የመሀሉ ዳኛ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ታማሚ የሚያነጋግሩ ይመስላሉ።

«ይግባኝዎን አንብበነዋል። የሚጨምሩት አለ?»

«አለ ጌታዬ። ወንድሜ መጥተዋል። ታች የተናገሩት ልክ አልነበረም። እውነቱን ዛሬ ይናገራሉ።»

እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ወንድሟ ተነሳ። ከመነሳቱ በር ላይ የቆመው ፖሊስ በእጁ የመቀመጥ ምልክት አሳየው፤ ወንድሟም ተቀመጠ። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም፤ በኋላ ነው ትዝ ያላት፤ ያ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በጣም ፈጥኖ ነበር የተቀመጠው።

«ይህ ችሎት ምስክር አይሰማም» አሉ የመሀሉ ዳኛ። «ምስክሩን በዓይኑ ያየው፣ ድምፁን የሰማው የስር ፍርድ ቤት ነው። የሚታመነውንና የማይታመነውን የሚለየው እሱ ነው። እኛ በወረቀት አይተን ያንን አንገለብጥም። የሕግ ስህተት ካለ ያሳዩን።»

«ስህተት ያሉት ጌታዬ... ስህተቱ እኮ እሳቸው ናቸው።»

ኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በስተቀኝ የተቀመጡት ዳኛ፣ ወጣት ሴት ናቸው፣ መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አስቀመጡ። መዝገቡን በእውነት ያነበቡት እሳቸው ብቻ ይመስሉ ነበር፤ ለዚህም ነው ልብስ ሰፊዋ ከሦስቱ እሳቸውን ተስፋ ያደረገችው። «ወይዘሮ፣ የስር ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ ዕድል ሰጥቶዎታል። ምስክሩ ያኔ ሐሰት ተናግሯል የሚሉ ከሆነ፣ ለምን አልጠየቁትም?»

«ታላቄ ናቸዋ» አለች።

የጸሐፊዋ ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ቀና ብላ ዳኛዋን አየች። «ይጻፍ?»

«አያስፈልግም» አሉ ዳኛዋ፤ ገጹን ገለጡ።

ጠበቃው ተነስቶ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ታች ያልተነሳ ነገር እዚህ አይነሳም አለ፤ ይግባኝ ባይዋ «ጥያቄ የለኝም» ማለቷ ምስክርነቱን እንደተቀበለች ያስቆጥራል አለ፤ ስለዚህ ውሳኔው ይጽናልኝ ብሎ ተቀመጠ። ለመቀመጥ ኮቱን ከኋላው ሰብሰብ ሲያደርግ ልብስ ሰፊዋ ስፌቱን አየች፤ ገበሩ በርካሽ ክር ነው የተያዘው። ሌላ የምታስበው ነገር አልመጣላትም። ውሳኔው ለስምንት ሰዓት ተባለ።

እስከዚያ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ወለሉ ርካሽ ሳሙና ይሸታል። ዳቦውን ፈትታ ሰጠችው፤ ሁለቱንም በላ። ሻይ ፈለገ፤ አራት ፎቅ ወርዳ ከበሩ ገዝታ፣ ብርጭቆውን በመሐረብ ይዛ አራት ፎቅ ወጣች። «ስኳር አሳንሰሻል» አላት። ሰዎች ፋይል ታቅፈው ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ለብቻዋ ታወራለች። ልብስ ሰፊዋ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ሲነሳ አይተውታል፣ ብላ አሰበች። አንድ ሽማግሌ ለመናገር ሲነሳ አይተው እንዴት ዝም ይላሉ? አስጠርተው ይጠይቁታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የወንድሟን ኮሌታ ታቃናለች።

በስምንት ሰዓት ከሩብ የመሀሉ ዳኛ አነበቡት። ግማሽ ገጽ ነው። የስር ፍርድ ቤት ምስክሩን አይቶ የመዘነው በመሆኑ፤ ይግባኝ ባይ የመጠየቅ ዕድል ተሰጥቷት ጥያቄ የለኝም ያለች በመሆኑ፤ የተፈጸመ የሕግ ስህተት ባለመገኘቱ፤ ውሳኔው ጸንቷል። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። ቤቱ በስልሳ ቀን ውስጥ ለሽያጭ ተለቅቆ ይቅረብ። ሲጨርሱ ለስላሳ ድምፃቸው ሳይለወጥ የሚቀጥለውን መዝገብ ጠሩ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ ፖሊሱ ክርኗን ነካ አድርጎ፣ «እናቴ፣ አልቋል» አላት።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃው ደረሰባቸው። እሷን አላያትም፤ አንድ አምድ ከልሏት ነበር። የወንድሟን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ጋሼ፣ እንዳልኩዎት ሆነ አይደል? አንዲት ቃል ሳይወጣዎት ጨረስን። በከንቱ ነው እንቅልፍ አጥተው የከረሙት።» ከዚያ እሷን አያት። «አይዞሽ እትዬ» አለና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ልብስ ሰፊዋ ከአምዱ ወጣች። ዕድሜ ልኳን ያልጠየቀችውን ሰው ጠየቀችው።

«ነግሮዎት ነበር?»

«ጠበቃ የሚያወራውን ሁሉ...»

«ምስክር እንደማይሰሙ ነግሮዎት ነበር ወይ?»

«ጮክ አትበይ። ሰው ያያል።» ኮሌታውን ነካ። «ጠይቄው ነበር።»

«መቼ?»

«አንቺ መጥተሽ ያለቀስሽ ዕለት ማታ።»

ቆጠረችው። ስልክ የደወለላት በማግስቱ ነው። «ታዲያ ለምን መጡ?»

መልሱን ያሰበበት አይመስልም፤ ለእሱ ግልጽ ነገር ነበር። «እህቱን ብቻዋን ሰደዳት ልባል ነው? ሠላሳ ሰባት ዓመት በዚህ ከተማ ልጅ አስተምሬያለሁ። ስም አለኝ። ያንቺም ልብ እንዲያርፍ፣ የእኔም ስም እንዲያርፍ፣ እዚያም ቤት የምተኛበት አልጋ እንዳይነሳብኝ። ማንንም አልጎዳሁ። እንግዲህ ያዥኝ፣ ደረጃው ያዳልጣል።»

ክንዱን ያዘች። ለምን እንደያዘችው አታውቅም። አራቱን ፎቅ አወረደችው። ባለ መነጽሩ ጸሐፊ ፊቷን አይቶ ወረቀት ከመኪናው አውጥቶ አዲስ አስገባ።

ሰፈር ሲደርሱ ዳቦ ቤቱ ፊት አምስት ስድስት ሰው ቆሟል፤ ጠዋት የሰሙ ናቸው። ሴትየዋ ከመስኮቷ ወጥታ መጣች፤ እጇ ዱቄት ነው። «እህስ? ተፈረደላት?» የጠየቀችው እሱን ነው።

ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። «ልናገር ተነስቼ ነበር። አስቀመጡኝ። ‹ምስክር አንሰማም› አሉ።» አንዲቷም ቃል ሐሰት አልነበረችም።

«አይ ዘመን!» አለች ሴትየዋ። «ይህን የመሰለ ሰው ይዘው! በዚህ ጉልበት አራት ፎቅ ወጥተው!»

«እኛን በአርጩሜ ቢገርፉንም ውሸት አላስተማሩንም» አለ ጢሙ የሸበተ ሹፌር፣ የድሮ ተማሪው ነው፤ እጁን ጨበጠው። ሌላዋ ትከሻውን ሳመች። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ተቀበላቸው። ልብስ ሰፊዋን «እግዜር ያጽናሽ» ያላት አንድ ሰው ነው፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ወንድምሽን አመስግኚ» አላት።

«ጋሼ እንደማይሰሟቸው አውቀው ነው የሄዱት» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። «ጠበቃው አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ታችም ዋሽተዋል። አባባ ቤቱን ሲሰጡኝ ትራሱን የያዙት እሳቸው ናቸው። ጠይቋቸው። ይኸው ቆመዋል፣ ጠይቋቸው!»

ማንም አልጠየቀውም። ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። ወንድሟ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለች የዳቦ ቤቷ ሴትዮ። «አብረውሽ ሲንከራተቱ ውለው? እንዲህ ያለ ነገር ካለ ያኔ ዳኛው ጠይቂ ሲሉሽ አትናገሪም ነበር? እዚያ አፍሽን ይዘሽ እዚህ መንገድ ላይ ሽማግሌ ታዋርጃለሽ?»

«በጤናዋ አይደለም፣ ተዪአት» አለ አንዱ። «ቤት የሄደበት ሰው የሚለውን አያውቅም።»

«ኧረ ሰውዬው ሊወድቁ ነው! ደግፏቸው! ውሃ!»

በዚያ የሚቀርበው ቤት የእሷ ነበር። ሹፌሩ በአንድ በኩል፣ ሴትየዋ በሌላ በኩል ይዘው አስገቡት፤ ቁልፉን ከእጇ የወሰደው ማን እንደሆነ አላየችም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ ወደ ጥግ ጥለው እግሩን አሳረፉለት። በኋላው ክፍል የነበረው የአባቷ ትራስ ወጥቶ ከጀርባው ተደረገ። አንዷ በካርቶን ታራግብለታለች፣ አንዱ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታለታል፤ አንዳንዶቹ በርጩማዎቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቦታ ያጡት ግድግዳውን፣ ያላለቁትን ኮቶች ተደግፈው ቆመዋል። ወንድሟ ዓይኑን ገለጠ፣ ውሃ ተጎነጨ፣ «ደህና ነኝ፣ አትቆጧት» አለ። «ምን ዓይነት ሰው ነው!» አለች ሴትየዋ፤ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ልብስ ሰፊዋ የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯ ውስጥ ነው፣ አንዱ ውጭ።

«በሩን ልቀቂ እንጂ» አሏት ከውስጥ። «አየር ከለከልሻቸው።»

ፈቀቅ አለች።